ባለጥርሱ ሃንድጋርድና የአሸዋ ከረጢቴ

ጠመንጃዬ ኤአር-15 ነው። የምጠቀምበት ማሳ እየቆፈሩ የሚያበላሹ ትንንሽ እንስሳትን ከሩቅ ለማደን ነው። በደረቴ ተኝቼ፣ የፊቱን ክፍል በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ እተኩሳለሁ። ቢያንስ እሞክራለሁ።

አንድ ቀን ጓደኛዬ በርሜሉን የሚከበውን የፊት መያዣ (ሃንድጋርዱን) አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከጠመንጃው ጋር የመጣው ሁለት ቁራጭ ፕላስቲክ ነበር። «ይሄ እኮ በርሜሉን ይነካዋል። ከረጢቱ ላይ በተጫንከው ቁጥር ጥይትህ ሌላ ቦታ ይሄዳል» አለኝ። መፍትሔው ከሥሩ ብቻ ታስሮ፣ በርሜሉን የትም ሳይነካ የሚከበው ዓይነት ነው። በመካከላቸው ወረቀት ካለፈ ነፃ ነው ማለት ነው።

እውነት ለመናገር እስከዛሬ ዒላማ ስስት ንፋሱን ነበር የምወቅሰው።

ምርጫ ጀመርኩ። ለስላሳው ክብ ቱቦ ለእንደኔ ዓይነቱ አደን የታወቀ ነው፤ ግን የውሃ ቧንቧ ይመስላል። ከዚያ በአራቱም ጎን የብረት ጥርስ ያለው ፒካቲኒ የሚባለው፣ ዕቃ ማሰሪያ ባለ አራት ሐዲድ አለ። ሳየው ልቤ ቀለጠ! ባትሪ በለው፣ ባለሁለት እግር መደገፊያ በለው፣ የፈለግከውን ታስርበታለህ። እኔ የማስረው ምን ነበረኝ? ምንም። ገዛሁት።

ጠመንጃ ጠጋኙ ገጠመልኝ። እኔም በኩራት ማሳው ዳር ተኛሁ። አንዱ እንስሳ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሁለት እግሩ ቆመ። ጠመንጃዬን ትንሽ ወደ ግራ ላንሸራትት ስል «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሶቹ ከረጢቱን ነክሰው ይዘውት ነበርና ቀደዱት። አሸዋው መፍሰስ ጀመረ። የጠመንጃው አፍንጫም ቀስ እያለ ይወርዳል። በመነፅሩ መጀመሪያ የእንስሳውን ጭንቅላት አየሁ፤ ከዚያ ሆዱን፣ ከዚያ እግሩን። ከዚያ አፈር ብቻ። ቀና ስል እሱ እዚያው ቆሞ ያየኛል። ጓደኛዬ ከጎኔ ሣር ነክሶ ይስቃል።

መዳፌም አልተረፈም፤ ተሸክሜው ስመለስ ተፈቅፍቋል። ባለቤቴ ዕቃውን አገላብጣ አየችና «ካሮት መፈቅፈቂያ ነው?» አለች።

ሁለተኛ የሞከርኩት ኤም-ሎክ የሚባለው ቀጭን መያዣ ነበር። በየጎኑ ሞላላ ቀዳዳ አለው፤ ሐዲድ የምታስረው ስትፈልግ ብቻ ነው። ቀላል ነው፣ ለእጅ ይመቻል፣ በተከታታይ ስትተኩስ የጋለውን በርሜል ያናፍሳል። ልክ ነው ብዬ ስኮራ ጠጋኙ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ የዚህን በርሜል ውፍረት ለክተኸዋል?» አልለካሁም። የኔ ወፍራም በርሜል ነው፤ ጋዝ ብሎኩ፣ ማለትም በርሜሉ ላይ ተጠልቆ የተኩሱን ጋዝ የሚቀበለው ቁራጭ፣ የውስጥ ስፋቱ ብቻ 0.936 ኢንች ነው። የውጩን አካል ስትጨምርበት በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አያልፍም። እኔ የለካሁት ርዝመቱን ብቻ ነበር። እሱንም በዓይኔ።

በመጨረሻ ወደ ውሃ ቧንቧው ተመለስኩ። ሰፊ ነው፣ ጋዝ ብሎኩን ዋጥ አደረገው። አዲሱ ከረጢት ላይ ቅቤ እንደተቀባ ይንሸራተታል። ወረቀቷን በበርሜሉና በቱቦው መካከል ከጫፍ እስከ ሥር ሳብኳት፤ የትም አልያዛትም። ጓደኛዬ እንኳ የሚለው አጣ።

ተኛሁ። እንስሳው ወጣ፣ ቆመ። ንፋስ የለም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቃታውን ሳብኩ።

ሳትኩት።

ማታውን ሰደፍ ሳማርጥ አመሸሁ።