ከሞዜል ተዳፋት ሥር፦ ሪዝሊንግን ከአምራቾቹ የተማርኩበት መንገድ

ፍራንክፈርት በኖርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ወይን ጠጅ የምገዛው ዋጋውንና የጠርሙሱን መልክ ብቻ አይቼ ነበር። አንድ ዓመት ለፋሲካ እንግዶች ጠርቼ «ሽፔትሌዘ» የሚል ቃል የተጻፈባቸውን ሦስት ጠርሙሶች፣ ጣፋጭ ናቸው ብዬ ገዛሁ። ሲቀዳ ግን ጥርስ የሚያጠርስ ሆኖ ተገኘ፤ ከዶሮ ወጡም ጋር ፈጽሞ አልስማማ አለ። የጠርሙስ ጽሑፍ ማንበብ እንኳ እንደማልችል ያን ዕለት ስለገባኝ፣ ነገሩን ከሚያመርቱት ሰዎች ዘንድ ሄጄ ለመማር ወሰንኩ።

አጀማመሬ ግን አላማረም። ሞዜል፣ ራይንጋውና ፋልዝ የተባሉትን የጀርመን ወይን አምራች አካባቢዎች በሁለት ቀን ለማዳረስ ተነሥቼ በየደረስኩበት ስቀምስ ስለዋልኩ፣ ማታ ላይ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ሸለቆና አንድ ዝርያ ብቻ መረጥኩ፤ ሸለቆው ሞዜል፣ ዝርያውም ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ በክረምቱ ቅዝቃዜ መካከል በየካቲት ሄድኩና፣ ያሰብኳቸው የገበሬዎች ወይን ቤቶች ሁሉ ተዘግተው ጠበቁኝ።

እነዚህ ቤቶች በጀርመንኛ «ሽትራውስቪርትሻፍት» ይባላሉ። አምራቹ በገዛ ግቢው ወንበር ዘርግቶ የራሱን ወይን ከቀላል ምግብ ጋር የሚሸጥባቸው ሲሆኑ፣ በሞዜል አካባቢ ሕጉ በዓመት ከ4 ወር በላይ እንዲከፍቱም ሆነ ከ40 በላይ መቀመጫ እንዲኖራቸው አይፈቅድም። መከፈታቸው የሚታወቀው ደጃፍ ላይ በሚሰቀል የቅጠል እቅፍ ወይም መጥረጊያ ነው። እኔ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋባቸው ጠላ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ስላደግሁ፣ ያን የቅጠል እቅፍ መጀመሪያ ሳየው ማንም ሳይነግረኝ ትርጉሙ ገባኝ።

በግንቦት ተመልሼ ከኮብሌንዝ ወደ ትሪየር በሚሄደው ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡሩ ኮኸምን ካለፈ በኋላ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባና ሲወጣ ኤለር መንደር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ብሬም የሚወስደው የእግር መንገድ ካልሞንት የተባለውን የወይን ተዳፋት ያቋርጣል፤ ቁልቁለቱ በአንዳንድ ቦታ ከ60 ዲግሪ ስለሚበልጥ መሰላል መውጣትና የብረት ገመድ ጨብጦ ማለፍ ግድ ይላል። ትራክተር እዚህ አይደርስም፤ ሰውም ሆነ የተለቀመው ፍሬ የሚጓጓዘው በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ነው። ምድሩን የሸፈነው «ሺፈር» የሚሉት ጠቆር ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲሆን፣ ቀን የያዘውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይመልስለታል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ሪዝሊንግ በዚህ ብርዳም አገር የሚበስለውም በዚሁ ድንጋይና ፊቱን ወደ ደቡብ ባዞረው ተዳፋት ምክንያት ነው። ከሰዓት በኋላ እጄን አንዱ ድንጋይ ላይ ሳሳርፍ እንደ ምጣድ ዳር ይሞቅ ነበር።

በማግስቱ በሌላ መንደር ቅጠል ወደተሰቀለበት ግቢ ገብቼ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ጋር ተቀመጥኩና የፋሲካውን ነገር አጫወትኳቸው። «ሽፔትሌዘ ማለት ዘግይቶ የተለቀመ ማለት ነው፤ ፍሬው ሲለቀም መብሰሉን እንጂ ጠርሙሱ ውስጥ ስኳር መቅረቱን አይነግርህም» አሉኝ። ከዚያም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአልኮል መጠን በጣታቸው አሳዩኝ፤ የፍሬው ስኳር ሁሉ ወደ አልኮል ከተለወጠ ቁጥሩ 12 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፣ ስኳሩ ሳያልቅ መፍላቱ ከቆመ ግን 8 ወይም 9 ላይ ይቀራል። «ትሮከን» የሚል ቃል ያለበት ወይን ደግሞ በሊትር ከ9 ግራም ያልበለጠ ስኳር ብቻ ነው ያለው። የኔዎቹ ጠርሙሶች ግርጌ ላይ ያ ቃል በትንሹ ተጽፎ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ቀጥለው የአንድ ዓመት ምርት የሆኑ ሁለት ብርጭቆዎች አቀረቡልኝ፤ አንዱ ከወንዙ ዳር ካለው ሜዳ፣ ሌላው ከገደላማው ሺፈር የመጣ ነበር። የሜዳው ለስለስ ብሎ ወዲያው ሲጠፋ፣ የገደሉ ግን እንደ ሎሚ ልጣጭ ምላስ ላይ ቆየ። አሥር ዓይነት አከታትሎ ከመቅመስ እንዲህ ሁለት ብቻ ጎን ለጎን ማስተያየት ይበልጥ እንደሚያስተምር የተረዳሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን ስሄድ አስቀድሜ ደውዬ መከፈታቸውን አረጋግጣለሁ፤ በመስከረምና በጥቅምት ለቀማ ላይ ስለሚሆኑ ረጅም ጨዋታ አልጀምርም።

ወይኑን በቀጥታ ከገበሬው ነው የምገዛው፤ ይህን የማደርገው ዋጋ ለመቀነስ ብዬ አይደለም። የተዳፋቱ ሥራ ከሜዳው ብዙ እጥፍ ጉልበት ስለሚፈጅና ወራሽ ልጆችም ስለሚሸሹት፣ በካልሞንት መንገድ ላይ ቁጥቋጦ የዋጣቸውን እርከኖች አይቼ ልቤ ስላዘነ ነው።

በተከታዩ ፋሲካ ከእኚሁ አዛውንት የገዛሁትን፣ አልኮሉ 8.5 በመቶ የሆነውን «ካቢኔት» (ከሽፔትሌዘ ቀለል ያለ የወይን ደረጃ ነው) በደንብ አቀዝቅዤ ከዶሮ ወጡ ጋር አቀረብኩ። ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ቃጠሎ አበረደው፤ በፊተኛው ዓመት ብርጭቋቸውን ሳይጨርሱ የተዉት እንግዳዬም ድገመኝ አሉ።