ጣና ላይ የጠፋች ታንኳ ሒሳብ

ዛሬ ከሰዓት ባሕር ዳር ላይ ነፋሱ በርትቶ የደንገል ታንኳዎች ማዕበሉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲሉ ሳይ በርናርድ ኩፕማን ትዝ አለኝ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፍለጋን ሒሳብ የቀመረው።

የጠፋች ታንኳ የሚፈልግ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ግራና ቀኙን በድምሩ 1 ኪሎ ሜትር ቢቃኝ በ5 ሰዓት 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። የሚፈለገው ቦታም 50 ከሆነ አበቃ? ኧረ የለም! መስመር ሳይጠብቅ ወዲያ ወዲህ ካለ፣ ያየውን ደግሞ ስለሚያይ፣ የማግኘት ዕድሉ 63 በመቶ ነው። 10 ሰዓት ቢለፋ እንኳ 86።

ስህተት የሚበዛው ግራና ቀኝ በሚቃኘው ስፋት፣ በ1 ኪሎ ሜትሯ ላይ ነው። ዓይን የሚደርስበት ርቀት ማለት አይደለም፤ ታንኳ ውሃው ላይ ዝቅ ስለምትል ማዕበል ይሸፍናታል። ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ 63ቱ ወደ 39 ይወርዳል። ነፋሱም እየገፋ ይወስዳታል፦ ልትርቅ የምትችልበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ቦታው 4 እጥፍ ይሰፋል። ስለዚህ «የት ታየች?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።