ቲቸር፣ ቅዳሜም ይመጣሉ?

መጀመሪያ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ይዤ የሄድኩት ላፕቶፕና ፕሮጀክተር ነበር። ስለ ሮቦት፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ትልልቅ ኩባንያዎች 40 ደቂቃ አወራሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ፎቶ ተነሣን። ስወጣ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ በሩ ላይ ጠብቆ «ቲቸር፣ ቅዳሜም ይመጣሉ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። የሄድኩት ለአንድ ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ነኝ። መምህር አይደለሁም፣ የኔትወርክ ኢንጂነር ነኝ። አዲስ አበባ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የቴክኖሎጂ ክበብ ውስጥ ግን ሰሌዳ ፊት የቆመ ሁሉ ቲቸር ነው።

ክበቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት የሮቦት ኪት (ልጆች ገጣጥመው ሮቦት የሚሠሩበት ዕቃ) ነበር። ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። አንድ በጎ አድራጊ ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል። ንብረት ክፍሉ ደግሞ ፈርሞ ነው የተረከበው። ዕቃ ከጠፋ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ልጆች እንዲነካኩት እንዴት ይፍቀድ? አልፈረድኩበትም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርጄ የሞቱ ሬዲዮኖች፣ ዲቪዲ ማጫወቻዎችና አንድ ፕሪንተር ገዛሁ። (የድሮ ቴሌቪዥን አልገዛም። ከመብራት ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።) ልጆቹ እነዚህን ሲፈቱ «ይበላሽ ይሆን» የሚል ስጋት የለባቸውም። አስቀድሞ ተበላሽቷላ! ከዲቪዲው ውስጥ ሞተር አውጥተው በባትሪ ያሽከረከሩ ዕለት የጮሁትን ጩኸት አልረሳውም።

ቋንቋውም ትልቅ ነገር ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ የገባቸውን እንኳ ለመናገር ይፈራሉ። እኔ «በፈለጋችሁት ቋንቋ አስረዱኝ» እላለሁ። አንዷ ሬዚስተርን፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቀንሰውን ትንሽ ዕቃ፣ «ቆንጥጦ የሚያሳልፍ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ስሙ «ቆንጣጩ» ነው።

የሴራሊዮኑን የኬልቪን ዶን ታሪክ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ፍሪታውን ውስጥ ከቆሻሻ የለቀመውን ፈትቶ ራሱን ያስተማረ ልጅ ነው። ከአሲድ፣ ከሶዳና ከብረት ባትሪ ሠራ፣ ለሰፈሩ የሬዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ከጎኑ ስለነበረው ሰው ግን ብዙም አይወራም። ዴቪድ ሞይኒና ሴንጌ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ያኔ አሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አገሩ ላይ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አዘጋጀ። የጠየቃቸው በኑሯቸው የሚያዩትን ችግር መርጠው መፍትሔ እንዲሠሩ ነው። ኬልቪንን ያገኘው በዚያ ውድድር ነው፤ በዚያው ዓመት ኬልቪን ኤምአይቲን ጎበኘ። ሴንጌ እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። ኬልቪን ሴንጌ ሳይመጣም እየሠራ ነበር። ሴንጌ ያደረገው ልጁን ማየት፣ ከዚያም አብሮት መቆየት ነው። ሜንተር ማለት ለእኔ ይኸው ነው።

እኔም የሴንጌን ጥያቄ ወስጄ «ቤታችሁ ውስጥ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ «እናቴ ሌሊት አትተኛም» አለችኝ። ሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። እናቷ ቧንቧውን ከፍታ፣ ጀሪካኑን ደቅና፣ ስትጠብቅ ታነጋለች።

ልጅቷ ያሰበችው ቀላል ነው። ሁለት የተላጡ ሽቦዎች ጀሪካኑ ውስጥ ከታች ይቀመጣሉ። ውሃ ሲነካቸው ባዘር (በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ጩኸት ማሰሚያ) ይጮኻል። ሠራችው፣ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ዝም። ችግሩ ወዲያው ገብቶኛል፤ እጄን በላኝ። ግን ያወቅኩትን መንገር የሷን ሥራ መቀማት መሰለኝ። «ውሃው ኤሌክትሪክ ጨርሶ አያሳልፍም ወይስ ትንሽ ነው የሚያሳልፈው?» ብቻ አልኳት። ሁለት ቅዳሜ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዛ ስትለካ ከረመች። በሦስተኛው «ትንሽ ያሳልፋል ቲቸር፣ ግን ለባዘሩ አይበቃውም» አለችኝ። ያኔ ከሞተ ሬዲዮ ትራንዚስተር ነቅለን ትንሹ ኤሌክትሪክ ትልቁን እንዴት እንደሚከፍት አሳየኋት። ባዘሩ ሲጮህ እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ።

ከወር በኋላ ሽቦዎቹን ይዛ መጣች። አንደኛው አረንጓዴ ሆኗል፣ ሌላው ደህና ነው። «ለምን አንዱ ብቻ?» አለች። አሁንም ጥያቄውን ይዛ እንድትሄድ አደረግኩ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚያረጀው ሁልጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘው መሆኑን ደርሳበት ተመለሰች። መዳብ የሚጠጣ ውሃ ውስጥ መግባት እንደሌለበትም ተነጋገርን። መፍትሔውን ከደብተር ቦርሳዋ አወጣችው፤ እርሳስ። እንጨቱን ልጣ ውስጡን ጥቁሩን ዘንግ በሽቦዎቹ ፋንታ ተጠቀመችበት። እሱ አረንጓዴ አይሆንም።

እናቷ አሁን ትተኛለች። ባዘሩ ሌሊት ሲጮህ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶችም ሰምተው ተነሥተው ይቀዳሉ። ከሦስተኛው ቤት ያሉት ሴትዮ ግን «እኛ ጋ አይሰማም» ብለዋታል። ያለፈው ቅዳሜ ሙሉውን ከሞተ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ስትፈታ ዋለች።