ዳትሰኗን ዝቅ አደረግኳት፣ ሶስት ሳምንት ግን "ቋ" ስትለኝ ከረመች

"የት ጠፋህ፣ መኪናዋስ ምን ደረሰች" ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይሄውላችሁ። ወርዳለች። የካምበር ፕሌቱም (የሾኩን አናት ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያንሸራተተ የጎማውን አዘነባበል የሚያስተካክለው ብረት) ገብቷል። ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቢች ድራይቭ ይዣት ወጣሁ፣ ከሞተሩ በቀር አንድም ድምፅ ሳልሰማ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ተመለስኩ፣ ጋራዥ ውስጥ አቁሜም ዝም ብዬ አስር ደቂቃ ተቀመጥኩ። ሰው ቢያየኝ የተጣላሁ ነው የሚመስለው።

ለአዲሶቹ፣ መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1972 ዳትሰን 240ዜድ ነች። ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አጎቴ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ዕድሜውን በሙሉ መኪና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፣ ላወርዳት እንደሆነ ስነግረው ስልኩን የዘጋብኝ መስሎኝ ነበር። "ያቺ መኪና እኮ ኬንያ ጭቃ ውስጥ ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው ከፍ ብላ ነው፣ አንተ ምን አድርጋህ ነው የምታንበረክካት?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ 240ዜድ እ.ኤ.አ. በ1971ም በ1973ም የኢስት አፍሪካን ሳፋሪን ወስዳለች። ግን ጋሼ፣ እኔ ጭቃ የለብኝም፣ ያለብኝ አስፋልት እና የጎረቤት ስፒድ ባምፕ ነው አልኩት። አልተዋጠለትም።

ለምን ካምበር ፕሌት? ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ከፊት የሚስተካከለው ቶ (የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ብቻ ነው፣ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) እና ካስተር (ጎማው በመሪ የሚዞርበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉ) እንደተሠሩ ይኖራሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ስንት የእግረኛ መንገድ ጠርዝ እንደመታች ማን ያውቃል። አራት ሴንቲ ሳወርዳት ግራው ከዜሮ በታች 0.7 ዲግሪ፣ ቀኙ ደግሞ ከዜሮ በላይ 0.2 ሆኖ አገኘሁት። ማለትም አንዱ ጎማ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ ሌላው ወደ ውጭ አዘንብለው ነው የሚሄዱት፣ መሪውን ስትለቁት ደግሞ መኪናዋ ወደምትፈልግበት ትሄዳለች። ይሄን ይዤ አንድ አላይመንት ቤት ብሄድ ልጁ ኮምፒውተሩን አይቶ "ካምበሯ አይስተካከልም" አለኝና ቶውን ብቻ ነካክቶ ሂሳብ ተቀበለኝ። ያኔ ነው በራሴ ለመሥራት የቆረጥኩት።

የመጀመሪያውን ክፍል ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሾኩን ከነሞላው ማውጣት፣ ሞላውን በመጭመቂያ አስሮ የላይኛውን ዳዶ መፍታት (ሳትጨምቁ የፈታችሁ እንደሆነ ሞላው ፊታችሁን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ቀልድ አይደለም)፣ የድሮውን የሞላ መቀመጫ ከቱቦው ላይ በግራይንደር ቆርጦ ማንሳት፣ ለኮይልኦቨሩ (ቁመቱ የሚስተካከል፣ ሾኩ ላይ የሚጠለቅ ሞላ) መደገፊያ ቀለበት ማስበየድ። ብየዳውን እኔ አልሠራሁትም። ሞክሬ ነበር፣ የሞከርኩበትን ብረት ባለቤቴ ወፍ የጣለችበት መሰላት። ለሚችል ሰው ሰጠሁት። ከመስጠታችሁ በፊት ግን የሾኩን ካርትሪጅ (ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ራሱን ሾኩን) አውጡና ቱቦው ውስጥ ያለውን ዘይት በደንብ አድርቁ፣ ሲገጠም ደግሞ ካርትሪጁ ዙሪያ ትንሽ ዘይት መልሱ፣ ሙቀቱን ወደ ቱቦው ያስተላልፍለታል።

ፕሌቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የታወሩን (ሾኩ ከላይ የሚታሰርበት የመኪናው አካል) አናት ቆርጣችሁ የምትበይዱት፣ ሌላው በነበሩት ሶስት ብሎኖች ብቻ የሚታሰር። እኔ ሁለተኛውን ነው የወሰድኩት፣ ማንም ምን ቢለኝ ሃምሳ ዓመት የኖረ ታወር ለሁለት ዲግሪ ብዬ አልቆርጥም። ጉዳቱ ታወሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ዘንጉ ብዙ ሳይሄድ ጠርዙን ይነካል። ከታችኛው ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ኳስ መገጣጠሚያ) እስከ ላይ ያለውን ርቀት ስድሳ ሴንቲ ብላችሁ ብትይዙት አንድ ዲግሪ ለማግኘት አናቱ አንድ ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ስለዚህ አንድ ሴንቲ ተኩል እስከ ሁለት ካገኛችሁ በቂ ነው። ሶስት ተኩል ዲግሪ አዘንብለው ፎቶ ለሚያነሱት አስተያየት የለኝም። አለኝ እንጂ፣ ግን ይቅር፣ ጎማ በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚገዙት።

አሁን ወደ ጉዱ።

ሁሉንም ገጥሜ፣ ክሪኩን ለቅቄ፣ በደስታ ከበር ስወጣ ገና የመጀመሪያዋ የአስፋልት መገጣጠሚያ ላይ ከግራ በኩል "ቋ" አለች። ትልልቁ ጉድጓድ ላይ አይደለም የሚገርመው። ትንንሹ ላይ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያቺ የተጠጋገነች አስፋልት አለች አይደል፣ እዛ ላይ "ቋ ቋ ቋ" እያለች በር የሚያንኳኳ ሰው መኪናው ውስጥ የያዝኩ ነው የሚመስለው። መሪ ስጠመዝዝ የለም። ፍሬን ስይዝ የለም። ቀኙ ጭጭ።

ድምፁን ቀድቼ ለአጎቴ ላክሁለት። በሁለት ደቂቃ ቮይስ ሜሴጅ መጣ፣ "ይሄ ቴስቲና ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነግርህ።" ዓይኑን መጨፈኑ ነው ችግሩ። የመሪውን ቴስቲና (የመሪ ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን ጫፍ) በሁለቱም በኩል ቀየርኩ። ቋ። ቦል ጆይንቱን ቀየርኩ። ቋ። ከዛ ሞላው ሲጠመዘዝ ታጥፎ እየተፈናጠረ ነው ብዬ ከላይኛው መቀመጫ ስር ሊገባ የሚገባውን ጠፍጣፋ ኩሽኔታ አዘዝኩ፣ ማለት ያ ኩሽኔታ ጥሩ ነገር ነው፣ ኮይልኦቨር ላይ መሪ ስታዞሩ "ጣንግ" የሚለውን ይገድላል፣ ግን የእኔ ችግር መሪ ሳዞር አልነበረም፣ ይሄን እያወቅኩ ነው ያዘዝኩት። የማረጋጊያ ዘንጉን ማያያዣ ፈትቼ ያለሱ ነዳሁ። ቋ። ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ወጣ፣ ሶስት ሳምንትም አለፈ፣ ጋራዥ በገባሁ ቁጥር ባለቤቴ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቀይር ነው?" ትለኛለች።

አንድ ነገር ብቻ አልነካሁም፣ የሾኩ አናት ላይ ያለውን ዳዶ። ምክንያቱም እሱ ጠብቋል። በራሴ እጅ ነው ያጠበቅኩት፣ ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዤ፣ በቶርክ ሬንች (የተሞላለት የጥብቀት ልክ ላይ ሲደርስ ጠቅ የሚል ቁልፍ)፣ "ጠቅ" እስኪል ድረስ። ሶስት ጊዜ ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ሶስቴም ጠቅ ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ኮፈኑን ከፍቼ ባለቤቴን ለመንኳት። በነጠላዋ፣ ቡናዋን አስቀምጣ፣ እያጉረመረመች መከላከያው ላይ ተደግፋ መኪናዋን ወደ ታች ገፋ ለቀቅ ማድረግ ጀመረች። እኔ ጣቴን ዳዶው ጎን ላይ አስቀመጥኩ፣ ግማሹ ዳዶው ላይ ግማሹ ፕሌቱ ላይ። ገፋች፣ ጣቴ ስር የሆነ ነገር ትክ አለ። ለቀቀች፣ ትክ። ዳዶው ከነዘንጉ ከፕሌቱ ተነጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል! አንድ ሚሊ ተኩል ቢሆን ነው። በዓይን አይታይም፣ በጣት ግን ልክ እንደ ልብ ምት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሌቱ መሃል ክብ ኩሽኔታ አለ፣ የሾኩ ዘንግ በውስጡ ያልፋል፣ ከታችና ከላይ ሾጠጥ ያሉ ማስጠጊያዎች ይገባሉ፣ ዳዶው ሲጠብቅ እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጨምቆ መያዝ አለበት። የእኔ ካርትሪጅ ላይ ግን ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። ዳዶው ወርዶ ወርዶ ጥርሱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆመ፣ ቶርክ ሬንቹም እዛ ላይ ነው "ጠቅ" ያለው፣ ማስጠጊያውን ግን ገና አልነካውም። የመኪናውን ክብደት የያዘው ሞላው ስለሆነ ቆማ ስታዩዋት ምንም አይታይባትም፣ ዘንጉ ግን ሾኩ በገፋውና በሳበው ቁጥር ያቺን አንድ ሚሊ ተኩል ወጥቶ ወርዶ ይመታል። ትንንሽ መገጣጠሚያ ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው፣ ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ ስለሚቀያይር።

ቀኙስ ለምን ጭጭ አለ? እዚህ ላይ ነው ማፈር የሚገባኝ። ስፈታ ከድሮው ሾክ አናት ሁለት ወፍራም ሮንዴላ ወጥተው ነበር። ቀኙን ስገጥም ሳላስብ አንዷን ከዳዶው ስር አስገባሁ። ሁለተኛዋ ተንከባልላ ዲፕ ፍሪዘሩ ስር ገባችብኝ፣ ጎንበስ ብዬ ማውጣት ሰነፍኩና "ኪቱ የራሱ ዕቃ አለው፣ ይቺ አታስፈልግም" ብዬ ተውኳት። ሶስት ሳምንት ሙሉ አንዱ ጎን ድምፅ አልባ፣ ሌላው እያንኳኳ፣ የሁለቱን አናት አንድም ቀን ጎን ለጎን አላየሁም።

ፍሪዘሩን ገፍቼ አወጣኋት፣ ጠረግኳት፣ አስገባኋት፣ ዳዶውን አጠበቅኩ። ባለቤቴ ገፋች። ምንም። ከፍዬ ከቀየርኩት ሁሉ ስንቱ ደህና ነበር ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

አላይመንቱን እቤት በክር ነው የሠራሁት። የምወዳት ዕቃ ካለች ማግኔት ያላት ዲጂታል የማዕዘን መለኪያዬ ነች፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ከየትኛውም አላይመንት ቤት በላይ አምናታለሁ። ግን መጀመሪያ ወለላችሁን ለኩ። የእኔ ጋራዥ ወደ በሩ ብቻ ሳይሆን ወደ ግራም 0.4 ዲግሪ ያዘነብላል፣ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ትክክል የነበረውን ጎማ ሳበላሽ ዋልኩ። ቀጥ ያለ ጣውላ ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ አጋድማችሁ ለኩና ልዩነቱን ደምሩ ቀንሱ። ከጎማው ስር ሁለት የወለል ፕላስቲክ ግራሶ ቀብታችሁ ደራርቡ፣ አለበለዚያ ከክሪክ ስትወርድ ጎማው ወለሉን ነክሶ የውሸት ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ካምበር በነካችሁ ቁጥር ቶው አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ካምበር ቀድሞ፣ ቶ መጨረሻ። አሁን ግራው ከዜሮ በታች 1.6፣ ቀኙ 1.5 ላይ ናቸው። ቶ በጠቅላላው አንድ ሚሊ ተኩል ወደ ውስጥ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ከቦል ጆይንቱ በላይ የሚገባውን የባምፕ ስቲር ማስጠጊያ አትዝለሉ። ስታወርዷት የታችኛው ክንድ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ጎማው በዘለለ ቁጥር መሪው በራሱ ይጎትታል፣ እኔ መጀመሪያ ብር ለመቆጠብ ዘለልኩት፣ ሀይዌይ ላይ አንድ ቀን ብቻ በቃኝ። ከፊት ያለው ቲሲ ሮድ (የታችኛውን ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው ዘንግ) ላይም በሁለቱም በኩል ጠንካራ የፖሊዩሪቴን ቡሽ አታስገቡ፣ ዘንጉ መላወሻ ያጣና ሊሰበር ይችላል። አንዱን በኩል ላስቲክ ተዉለት። ይሄን ግን ከሰው ሰምቼ ነው እንጂ ሰብሬ አይደለም፣ ለአንዴ እንኳን።

የኋላው ገና ነው፣ እዛም ሾኩ ያው ዓይነት ስለሆነ ብርዱ ሲያልፍ እቀጥላለሁ።

ለአጎቴ ደውዬ ሮንዴላ እንደነበረች ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "እኔስ ምን አልኩህ?" አለኝ። ቮይስ ሜሴጁ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።