7.8 ኢንች ስንት ነው? ከጭምጭምታ ደብተሬ

ሰላም ወገኖች። ትናንት ማታ ካርቶኑ ገጠመልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቆርጥ፣ ስጥል፣ እንደገና ስቆርጥ ከርሜ በመጨረሻ ሁለቱ ቁጥሮች ተስማሙ። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩ ስለሚጠበቀው ታጣፊ አይፎን ነው፤ ካርቶኑም የተወራለትን የስክሪን ልኬት በእጄ ለመዳሰስ የቆረጥኩት ነው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ አፕል ትንፍሽ አላለም። በእጃችን ያለው ጭምጭምታ ብቻ ነው። ግን ጭምጭምታ መከታተል ጊዜ ማባከን ነው የሚሉኝን አልስማማባቸውም። በደንብ ከያዙት ብዙ ያስተምራል። እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ያልገባኝ ጂኦሜትሪ የገባኝ በዚህ ነው።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2014 አይፎን 6 ፕላስ ሊወጣ ሲል ስክሪኑ ከሳፋየር (በቀላሉ ከማይጫር ጠንካራ ክሪስታል) ይሠራል ይባል ነበር። አፕል ጂቲ አድቫንስድ ከተባለ ድርጅት ጋር የሳፋየር ውል እንደነበረው የታወቀ ስለሆነ ወሬው ሥር ያለው ይመስል ነበር። አመንኩ፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉም አወራሁ። ስልኩ ሲወጣ ስክሪኑ መስታወት ሆኖ ተገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ድርጅት ከሠርሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ውሉ እውነት ነበር። የተሳሳተው ከውሉ ተነስተን የገመትነው ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ደብተር መያዝ የጀመርኩት በ2021 ነው። ታዋቂው ተንታኝ ሚንግ-ቺ ኩዎ ባለ 8 ኢንች ታጣፊ አይፎን በ2023 ይወጣል ብሎ ተነበየ። እኔ ያን ጊዜ የስልኬ ስክሪን ተሰንጥቆ ነበር። ማሠራት እችል ነበር፤ አላሠራሁም። ሁለት ዓመት ነው ምን አለኝ ብዬ በተሰነጠቀ ስክሪን ቆየሁ። 2023 መጣ፣ አለቀ፣ ታጣፊ አይፎን ግን የለም። ስለዚህ ምክር ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ይኸው፦ ዛሬ የሚያስፈልጋችሁን ስልክ ነገ ይመጣል ለተባለ ስልክ ብላችሁ አታዘግዩ። እኔ ይህን የምለው ራሴ ከፍዬበት ነው።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ወሬ አራት ነገር እጽፋለሁ። ምን ተባለ፣ መቼ ተባለ፣ ከየት መጣ፣ ከየትኛው ሌላ ወሬ ጋር መግጠም አለበት። አራተኛውን የጨመርኩት በቅርብ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመኝም እሱ ነው። እመለስበታለሁ።

ከየት መጣ ለሚለው የራሴ ደረጃ አለኝ። ከሶፍትዌር ውስጥ የተገኘ መረጃን አስቀድማለሁ። በ2017 አፕል ራሱ ለሆምፖድ ድምጽ ማጉያው ባወጣው ሶፍትዌር ውስጥ የአይፎን ኤክስ የፊት ቅርጽ ተገኝቷል፤ ስልኩ ሲወጣም ቅርጹ ያው ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ከቨር የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት ልኬት ይመጣል፤ ልኬቱ ከተሳሳተ ያመረቱት ከቨር ሁሉ ስለሚበላሽባቸው ግድ ይላቸዋል። ከዚያ የስክሪን አቅራቢዎችን ትእዛዝ የሚከታተሉ ተንታኞች። በኮምፒውተር የተሠሩ የሚያማምሩ ምስሎችን ግን ጨርሶ አልመዘግብም። አንድ ጎበዝ ሠዓሊ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ተነስቶ ሙሉ ስልክ ይሥላል፤ ምስሉን ያየ ሰው ደግሞ ስልኩን ያየ ይመስለዋል። በጣም ከሚያናድዱኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልግባ። ኢንች።

ስክሪን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የምንዘነጋው ነገር፣ ያ ቁጥር የስክሪኑ ቁመትና ወርድ ምጣኔ ካልተነገረን ብዙም እንደማይረባን ነው። በ2011 ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ኖት ሲያወጣ 5.3 ኢንቹ ጉድ አስብሎ ነበር፤ ስልክ ነው ወይስ ታብሌት ተብሎ ስንት ክርክር ተካሄደ። ምጣኔው 16 ለ 10 ነበር። ስታሰሉት የስክሪኑ ወርድ ወደ 71 ሚሊሜትር ይመጣል። ከሰባት ዓመት በኋላ የወጣው አይፎን ኤክስኤስ ማክስ 6.5 ኢንች ነው፤ ምጣኔው 19.5 ለ 9 ገደማ። የእሱ ወርድ ወደ 69 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ በ1.2 ኢንች አደገ፣ ስክሪኑ ግን ጠበበ! ይህን መጀመሪያ ሳሰላው ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ኤክስኤስ ማክስን ከአይፎን 8 ፕላስ ጋር ብታስተያዩትም ያው ነው። 8 ፕላስ 5.5 ኢንች ነበር፤ አካሉ 158.4 በ78.1 ሚሊሜትር። ኤክስኤስ ማክስ 157.5 በ77.4። ስክሪኑ አንድ ኢንች ጨመረ ሲባል አካሉ እንዲያውም በጥቂቱ አነሰ። ጠርዙ ስለጠፋ፣ የመነሻ ቁልፉ ስለተነሳ፣ ስክሪኑ ወደ ላይና ወደ ታች ተዘረጋ እንጂ ወደ ጎን ምንም አልሰፋም። እናም አንድ ሰው ስክሪኑ ትልቅ ነው ሲለኝ አሁን የምጠይቀው ወዴት በኩል ነው ብዬ ነው።

ስለ ታጣፊው የያዝኩት ጭምጭምታ በ2025 መጀመሪያ ያው ኩዎ ያወጣው ነው። ከውስጥ 7.8 ኢንች፣ ከውጭ 5.5 ኢንች። ውፍረቱ ተዘግቶ ከ9 እስከ 9.5፣ ተከፍቶ ከ4.5 እስከ 4.8 ሚሊሜትር። ጣት የሚያነበው ቁልፍ ከጎን። እጥፋቱ ላይ መስመር አይታይም።

እኔ ቁጥር በእጄ ካልዳሰስኩት አይገባኝም። ስለዚህ ወፍራም ካርቶን፣ ማስመሪያና መቁረጫ ይዤ ተቀመጥኩ። ልኬቱን የሚያሰሉ ድረ ገጾች አሉ፤ አልወዳቸውም። መልሱን ይሰጡሃል፣ ስሜቱን ግን አይሰጡህም።

የመጀመሪያው ካርቶኔ ስህተት ነበር። ሳላስብ አሁን በያዝኩት ስልክ ምጣኔ፣ በ19.5 ለ 9 ቆረጥኩት። 18 ሴንቲሜትር በ8.3 የሚሆን ረጅም ዱላ ወጣ። ስታጥፉት 9 በ8.3፣ ካሬ ሊሆን ምንም ያልቀረው። 5.5 ኢንች እዚያ ላይ ከየት ይመጣል? ጣልኩት።

ሁለተኛውን የቆረጥኩት የሳምሰንግ ፎልድ ስልኮችን አስቤ ነው። እነሱ ሲከፈቱ ወደ ካሬ ይጠጋሉ። 7.8ን በዚያ ምጣኔ ስታሰሉት 147 በ133 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። ሲታጠፍ 147 በ66፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እንደ ተለመደ ስልክ። የዚያ ፊት ሰያፉ ግን 6.3 ኢንች ነው። 5.5 ስክሪን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ማለት በዙሪያው ትልቅ ባዶ ቦታ መተው ነው፤ በዚህ ዘመን ማን እንዲህ ያደርጋል? እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ተቸከልኩ። 5.5 የሚለውን ውሸት ነው ብዬ ልሰርዘው እስኪርቢቶ አንስቼ ነበር።

ያዳነኝ አራተኛው ዓምድ ነው። ከየትኛው ሌላ ወሬ ጋር መግጠም አለበት? እኔ ሁልጊዜ ከትልቁ ቁጥር ተነስቼ ወደ ትንሹ እሄድ ነበር። ትናንት ገለበጥኩት። የውጪው ስክሪን ፊቱን ከሞላ ጎደል ከሸፈነው፣ የተዘጋው ስልክ ሰያፍ ከ5.5 ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው። እንዲህ ያለውን ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ስታስቀምጡት 7.8 እንዲሆን ምን ዓይነት ቅርጽ ያስፈልጋል?

4 ለ 3 ሞከርኩ፤ ግን ጋደም አድርጌ። አሠራሩ ይህ ነው። 7.8ን በ25.4 ስታበዙት 198 ሚሊሜትር ይሆናል። 4 በ4 ሲባዛ 16፣ 3 በ3 ሲባዛ 9፣ ድምሩ 25፣ ስኩዌር ሩቱ 5። 198ን ለ5 አካፍላችሁ በ4 ስታበዙት ወደ 158፣ በ3 ስታበዙት ወደ 119። ቆረጥኩ። ጋደም እንዳለ መሐሉ ላይ አጠፍኩት። 119 በ79 ሆነ። ማስመሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ ሳጋድመው 143 ሚሊሜትር፤ 5.6 ኢንች ማለት ነው። ለጠርዙ ትንሽ ስትቀንሱለት 5.5።

ገጠመ። ተነስቼ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

ይህ ወሬው እውነት ነው ማለት አይደለም። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ሰው የመጡ ናቸው፤ እሱ ራሱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ዕቅዱም ሊቀየር ይችላል። ግን ዝም ብሎ ከጭንቅላቱ የፈጠረ ሰው እንዲህ የሚጣጣሙ ቁጥሮች ይሰጣል ብዬ አላምንም። ውፍረቱም እንደዚያው ነው። 4.5 ሁለት ጊዜ 9 ነው፣ 4.8 ሁለት ጊዜ 9.6። ከተባለው ጋር ይሄዳል። ቅርጹን ማንም ሳይነግረኝ ከሁለት ቁጥር አወጣሁት፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚህ ሲሆንልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅርጹ ከታወቀ ብዙ ነገር ይከተላል። ለምሳሌ ቪዲዮ። አብዛኛው ቪዲዮ 16 ለ 9 ነው። በአይፎን 16 ፕሮ ማክስ 6.9 ኢንች ላይ ቪዲዮው 96 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ይይዛል። በ4 ለ 3ቱ 7.8 ላይ ደግሞ 141 አካባቢ። ወደ ግማሽ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ወደ ካሬ የሚጠጋ ባለ 8 ኢንች ስክሪን ላይ ግን 128 ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የቀረው ከላይና ከታች ጥቁር ነው። ባለ 7.8ቱ ባለ 8ቱን በለጠው! እኔ በአብዛኛው የማነበውና የማየው ጋደም አድርጌ ስለሆነ ይህ ቅርጽ ከልቤ ነው ያጓጓኝ።

ያሳሰበኝም አለ። የተዘጋው ካርቶን 79 ሚሊሜትር ነው፤ ጠርዝና ማጠፊያ ሲጨመርበት 82 ወይም 83 ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ያ ማለት የ2011ዱ ጋላክሲ ኖት ወርድ ነው፤ የእሱ አካል 82.95 ሚሊሜትር ነበር። ቁመቱ አጭር ነው፣ ወርዱ ግን ያው። ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን በአንድ እጄ ይዤ አውራ ጣቴን ወደ ማዶው ጠርዝ ዘረጋሁ። ላይኛው ጥግ ይደርሳል፤ ማዶው ግን እጄን ካላንቀሳቀስኩ አይደርስም። በአንድ እጅ የምትጽፉ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ትልቅ ስክሪን ሲባል የተከፈተውን ብቻ እያሰብን ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ የምንነካው ግን የተዘጋውን ነው።

ካርቶን የማይነግረኝ ነገርም አለ፣ ክብደትና እጥፋት። እጥፋቱ ላይ መስመር አይታይም የሚለውን ከደብተሬ አልሰረዝኩትም፣ ግን ምልክት አድርጌበታለሁ። በ2019 የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ለገምጋሚዎች ተሰጥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ የአንዳንዶቹ ስክሪን ተበላሽቶ፣ ሽያጩ ወደ ሴፕቴምበር መገፋቱን አስታውሳለሁ። ማጠፊያና እጥፋት በወረቀት ላይ የሚፈተሽ ነገር አይደለም። ስልኩ ተከፍቶ፣ ተዘግቶ፣ ወራት ቆይቶ ካልታየ በስተቀር ስለ እጥፋቱ የሚነገረኝን ማንኛውንም ነገር እንደ ምኞት ነው የምይዘው።

መሞከር የምትፈልጉ ከሆነ ከሁለት ቁጥር ጀምሩ። በአንድ ቁጥር ምንም ማድረግ አይቻልም። ካርቶናችሁ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ወረቀት እጅ ላይ ይጣመምና ያታልላል። የስክሪን ጥጎች ክብ ስለሆኑ ስሌቱ ትንሽ ያንሳል ወይም ይበልጣል፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢዛነፍ አትደንግጡ። ካርቶኑን ደግሞ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ዋሉበት፤ ስትቀመጡ የሚወጋችሁ ከሆነ ስልኩም ይወጋችኋል።

አሁን የምፈልገው ከእናንተ አንድ ነገር ነው። ከዚህ ቅርጽ ጋር የሚቀራረቡ ስልኮች ወጥተዋል፤ የ2021ዱ ኦፖ ፋይንድ ኤን የውጪ ስክሪኑ 5.49 ኢንች ነበር፣ የ2023ቱ ጉግል ፒክስል ፎልድ ደግሞ ሲዘጋ ወርዱ 79.5 ሚሊሜትር ነው። ከሁለቱ አንዱን የያዘ ካለ፣ ስልኩን ዘግታችሁ በአንድ እጅ ስትጽፉ አውራ ጣታችሁ ማዶ ያለውን ፊደል ይደርስበታል ወይ? ከቨር ስታደርጉበትስ? የእጃችሁን ስፋትም አብራችሁ ጻፉልኝ። ደብተሩ ላይ ለዚህ ባዶ ገጽ ትቻለሁ።