እስኪሞቅ ድረስ

ዛሬ አዲሱን የአናሎግ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ቮይስ፣ ማለትም ድምፁን የሚያወጣውን ክፍል፣ የሞጁሎቹ ሳጥን ውስጥ ገጠምኩት። ድምፁን የሚፈጥረው ኦሲሌተርም፣ የሚያጣራው ፊልተርም፣ መጠኑን የሚቆጣጠረው አምፕሊፋየርም በአንድ ሞጁል ነው ያሉት። የኃይል ገመዱ ላይ ያለችው ቀይ መስመር የኔጌቲቭ 12 ቮልት ጎን ናት፤ እሷን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ አበራሁት።

አንድ ኖታ ይዤ ቃኘሁት። ትንሽ ቆይቼ ሳዳምጠው ከቅኝቱ ሸሽቷል። መልሼ ቃኘሁት፣ መልሶ ሸሸ። በቃ እጄን ሰብስቤ ማዳመጥ ጀመርኩ።

በዚህ መሣሪያ አንድ ኦክታቭ ማለት 1 ቮልት ነው፤ ሮበርት ሙግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲንተሳይዘሮቹን የሠራበት ስሌት። አንድ ኦክታቭ 12 ሴሚቶን፣ ማለትም 12 ትንንሽ የድምፅ እርከኖች አሉት፤ ለ12 ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው 83 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ! ያቺን ቮልቴጅ ወደ ድምፅ ከፍታ የሚቀይሩት ትራንዚስተሮች ደግሞ ሙቀት ይሰማቸዋል። የክፍሉ አየርም፣ ጎን ለጎን የተገጠመው ሞጁልም ይነካቸዋል። እና ያ ኖታ ሲንሸራተት፣ ሲዘገይ፣ ኋላም ሲረጋ ሰማሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቷል፤ አንዲቷም ደቂቃ አልሰለቸችኝም።

ኮምፒውተር ላይ ያለው ሲንተሳይዘር ገና ሲከፈት ቅኝቱ ልክ ነው፤ ለሥራ እሱን የሚያህል የለም። ግን አንድን ኖታ እንዲህ ተቀምጬ እንድሰማው አድርጎኝ አያውቅም። ሙዚቃ የምንሠራ ሰዎች ለመጫወት ስንቸኩል የምናልፈው ብዙ ነገር ያለ ይመስለኛል። ከእንግዲህ መጀመሪያ አበራዋለሁ፣ ገመዶቹን እስካገናኝ ይሞቃል፣ የምቃኘው ከዚያ በኋላ ነው።