ድሬና ሐረር በራሳቸው ሰዓት

ድሬዳዋን መጥላት የፈለገ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይውጣ። እኔና አክስቴ የወጣነው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የከዚራ ሰፈር ጭር ብሏል። ሱቁ ዝግ ነው፣ አስፋልቱ ይፋጃል። ባጃጆቹ ዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ ሾፌሮቹ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ጉንጫቸውን ወጥረዋል። አንዱ ቀና ብሎ አክስቴን አያትና «በዚህ ፀሐይ የት ልትሄጂ ነው? ጥላ ውስጥ ግቢ አቦ!» አላት። አክስቴ ስድሳን አልፋለች። የልጇ ልጅ በሚሆን ጎረምሳ «አንቺ» ተብላ አታውቅም። ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ ዝም አለችው። ድሬ ግን ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ነው የሚለው፤ ንቀት የለበትም።

አዲስ አበባ ሆኜ ያወጣሁት ፕሮግራም ሰዓት በሰዓት የተከፋፈለ ነበር። ድሬ ግን የራሷ ሰዓት አላት። ጠዋት ትሠራለች፣ ቀን በርጫ ላይ፣ ጫት ቅሚያው ላይ፣ ትቀመጣለች፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እንደገና ትነሳለች። እኛም ሆቴል ተመልሰን ቬንትሌተር ሥር ተዘረርን። መብራቱም ወዲያው ሄደ።

ማታ ስንወጣ ሌላ ከተማ ነው ያገኘነው። ከፊራ ገበያ ቅስት በቅስት የሆነው በሩ ሥር ሰው ተጨናንቋል። ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ማንጎ፣ የሽርጥ ክምር፤ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዝ ይባል እንጂ ያየነው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ክረምት ግን ይኸው አሸዋ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚጥለው እላይ ተራራው ላይ ነው፤ ታች ያለው ሰው ደመናውን ሳያይ ጎርፉ ይደርሳል። አክስቴ ይህን ከሰማች በኋላ ድልድዩን በሩጫ ነው የተሻገረችው።

ጠዋት ፈቲራ የሚባለውን ስስ ቂጣ በእንቁላልና በማር በልተን ወደ ሐረር ሚኒባስ ያዝን። የድሬዳዋ መኖር ራሱ በዚህ መንገድ ላይ ይገባችኋል። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይሄዳል ተብሎ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ከበደውና እ.ኤ.አ. በ1902 እግሩ ሥር ቆመ፤ ከተማዋ እዚያው በቀለች። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ጥምዝምዝ እያለ ሲወጣ ላቡ ቀርቶ ብርድ ጀመረን። አክስቴ አቅለሸለሻት፤ ከኋላ ያለች ሴት ሎሚ አቀበለቻት። ሐሮማያ ሐይቅ ውሃ ይዞ አየነው። ደርቆ ከብት የሚግጥበት ዘመን ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ተመልሶለታል። አወዳይ ስንደርስ ጫት የጫነው አይሱዙ ሁላችንንም አስቁሞ አለፈ። ጫት ሲያልፍ ማን ይጠይቃል!

ሐረር የመጀመሪያው ማታ የጅብ ነው። ከግንቡ ውጭ፣ የባጃጅ መብራት እየበራ፣ አንድ ሰውዬ ሥጋ በእንጨት ጫፍ ይዞ ይጣራል። ጅቦቹ ከጨለማው አንድ በአንድ ይመጣሉ። የፊት እግራቸው ከኋላው ስለሚረዝም ሲቀርቡ የሚያነክሱ ይመስላሉ። ጠረናቸው ከእነሱ ቀድሞ ይደርሳል። ሰውየው አክስቴን አስቀመጣትና ሥጋውን ከትከሻዋ በላይ አነሳ። ጅቡ ጀርባዋ ላይ ተንጠላጠለ። ወርዶ ሲሄድ ነጠላዋም አብሮ ሄደ፤ ጥፍሩ ጥበቡ ላይ ተይዞ ኖሮ እየጎተተ ወሰደው። ሰውየው ተጣርቶ አስጣለውና አቧራውን አራግፎ መለሰላት። እሷ ከድንጋጤዋ ይልቅ የነጠላው መቀደድ አናደዳት።

በማግሥቱ መኪና ግርግር ሄድን። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን ያንጫጫሉ። አንድ ሽማግሌ ነጠላውን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ፣ ከሳጥን ውስጥ የጥበቡን ቀለም የሚመስል ክር ፈለጉ፣ አንዱን በምራቅ አርጥበው መለሱት፣ ሌላ አነሱ። የተቀደደውን ጠርዝ በጥፍራቸው አስተካክለው ፔዳሉን ረገጡ። «ጅብ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ። አክስቴ «ጅብ ነው አቦ!» አለች። «አቦ» ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሰማኋት።

ሥጋ ተራ ጋ ሳምቡሳ ገዛን። ጣሪያው ላይ ጭልፊቶች ተሰልፈዋል። ባለ ሳምቡሳዋ «ሸፍነሽ ብይ» አለችኝ። ቃሏን ሳትጨርስ አንዱ ወርዶ ከእጄ ላይ ላጥ አደረገው። ክንፉ ጆሮዬን መታኝ፤ ጣቴ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። የሰፈሩ ልጆች በሳቅ ተንከባለሉ። ሌላ ሲሰጡኝ ቆጥ ሥር ተደብቄ በላሁ።

ሙዚየም በር ላይ የደረስነው በምሳ ሰዓት ነው፤ ተዘግቷል። ከሰዓት ተመልሰን ገባን። የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ባለ ቀለም መስተዋቱ ያምራል፣ የድሮዋ ሐረር ፎቶግራፎችም ያስቆማሉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፤ ቤቱን ግን ከእሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው የሠራው ይባላል። ለእኔ ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ያረፍንበት የሐረሪ ቤት ነው። ወለሉ ቀይ ነው፤ በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። መቀመጫው ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ ነደባ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል። አክስቴ ሳታውቅ ሄዳ አሚር ነደባ ላይ፣ የአባወራው ቦታ ላይ፣ ዘፍ አለች። የቤቱ ባለቤት ሳቀችና ትራስ ጨመረችላት። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። አክስቴ «የወንዱ ምልክትስ የት ነው?» ብላ ወደ እኔ ተመለከተች። አልሰማሁም።

ቧንቧው ግን ውሃ አልነበረውም። ሐረር ውሃ በፈረቃ ነው። በጄሪካን ታጠብን፣ በጣሳ ተካፈልን፤ የቤቱ ባለቤት ወዲያው ሆጃ አቀረበችልን፣ ከቡና ተክል በወተት የሚፈላ ትኩስ መጠጥ። ሰማንያ ሁለት መስጊድ ባለበት ግንብ ውስጥ ተኝታችሁ የንጋት አዛን ሲጀምር ማንቂያ ደወል አያስፈልጋችሁም። እኔ ያንን ሰዓት ወደድኩት። ከተማው ውስጥ መዞር ያለባችሁ ያኔ ነው፤ ግድግዳው ነጭና ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ሆኖ ሳይነጋጋ ይታያል፣ ማንም «ጋይድ ልሁን» አይላችሁም።

በአሹራ በዓል ለጅቦቹ ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ አበላላቸው ታይቶም ዓመቱ ይተነበያል። አክስቴ ቀኑን በስልኳ መዝግባለች። የነጠላዋን ካሳ በአካል ቀርባ እንደምትጠይቅ ነግራኛለች።